ዝናሩን ትቶ የሄደው ልጅ

ከጎጃም ከተመለስኩ ጀምሮ ድሬዳዋ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «ቅቤና ማር ይዘሽ መጣሽ?» ይዤ የመጣሁት በጭቃ የተበላሸ ጫማና እስካሁን ያልለቀቀኝን አንድ ነገር ነው። ጎረቤቶቼ ጎጃምን በሕይወታቸው ላያዩት ይችላሉ፤ እኔም የማየት ዕቅድ አልነበረኝም። ስለዚህ የሰባቱን ቀን ጉዞ ከነጭቃው ልጻፍላቸው ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ክረምት ላይ ሥራ ካገኘሁ ደግሞ የጥናት መጠይቅ አስሞላለሁ። በዚያ ዓመት የደረሰኝ ጥናት የምግብ እጥረትና የታጠቀ አክራሪነት ይገናኙ እንደሆነ የሚመረምር ነበር። ባጭሩ፣ የተራበ ወጣት ጠመንጃ ያነሳል ወይ ነው ነገሩ። መጠይቁ የተዘጋጀው ባሕር ማዶ ሲሆን አርባ ጥያቄ አለው፤ ከአርባው አንባቢዬ ሁለቱን ብቻ ይያዝልኝ። ዘጠነኛው «ባለፉት ሰባት ቀናት ምግብ በማጣት ሳይበላ የዋለ የቤተሰብ አባል አለ?» ይላል። ሠላሳ አንደኛው ደግሞ «ከቤተሰቡ መሣሪያ ይዞ ከታጠቀ ቡድን ጋር የተቀላቀለ አለ?» ይላል። አስተባባሪያችን ምዕራብ ጎጃምን የመረጠው ጠግቦ የሚያድር አገር ነው፣ ለማነጻጸሪያ ይሆነናል ብሎ ነው። ዘመኑ የአንድ ለአምስት ዘመን ነው፤ ገጠር ውስጥ አምስት ሰው በተሰበሰበበት አንዱ ሌሎቹን የሚከታተል ጠርናፊ የነበረበት።

ነሐሴ ዐሥራ አንድ ቀን ገና ሲነጋ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ሾፌሬ ጋሽ ዘለቀ ይባላሉ፤ ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ የቡሬ አካባቢ ተወላጅ፣ ነገርን ዞር አድርገው ካልሆነ የማይናገሩ ሰው ናቸው። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። እኛ አገር ለሽማግሌውም ለሕፃኑም «አንተ» ነው፤ ማንም አይከፋም። ገና ጫንጮ ሳንደርስ «ዘለቀ፣ ትንሽ ፈጠን በል እንጂ» አልኳቸው። አባይ በረሃ ወርደን እስክንወጣ ድረስ ዝም አሉና ደጀን ላይ፣ «ልጄ፣ አገሬ ከመድረሳችን በፊት አንድ ነገር ልምከርሽ» ብለው «እርስዎ» የሚለውን ቃል እንደ መድኃኒት በቀን ሦስት ጊዜ እንድወስደው አዘዙኝ። አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ዘለቀ ሆኑልኝ።

መቀመጥ አይሆንልኝም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ወንበሩ ይወጋሻል?» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ደብረ ማርቆስን አልፈን ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ሰዓቴን ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። መስኮቱ በጉም ታፍኗል፤ ከጉሙ ውጪ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። እኛ አገር አረንጓዴ ነገር ስናይ ጥላ ፍለጋ እንጠጋዋለን፤ እዚህ ግን ከአረንጓዴው የሚሸሸግበት የለም። ፍኖተ ሰላም ሆቴል ገብቼ የለመድኩትን ሻይ በወተት አዘዝኩ። አስተናጋጇ ቀና ብላ አየችኝና «እታለም፣ ፍልሰታ እኮ ነው» አለችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን የታመመ ሰው እንደሚመከረው ቀስ ብላ። የፍልሰታን ጾም የረሳሁት በልጅነቴ ከጾመኛ እናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ነው። ሽሮ በጎመን በላሁና ተኛሁ።

በማግስቱ ቡሬ ዋልን። ቡሬ ጥጋብ በጆንያ የሚታይበት ከተማ ነው። የአምና በቆሎ በየመጋዘኑ ተደርድሯል፤ በርበሬው ሲራገፍ መንገደኛው ሁሉ ያስነጥሳል። ይሄ አገር ለጥናቱ ምን ሊነግረኝ ነው እያልኩ ከከተማው ዳር ካሉ ቤቶች ቁጥር በሌለው የሙከራ ቅጽ መጠይቅ ማስሞላት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናዘዝ። ስቸኩል ጥያቄ አሳጥራለሁ። «ምግብ በማጣት» የሚለውን ዘልዬ «በዚህ ሳምንት ሳይበላ የዋለ አለ?» እያልኩ ጠየቅሁ። ሁሉም አለ አሉኝ። ዐሥራ ሁለት ቤት፣ ዐሥራ ሁለት አዎ። በቆሎ እስከ ጣሪያ የደረደረው ነጋዴ ሳይቀር እሱም ሚስቱም ልጆቹም ሳይበሉ ውለዋል። የተደበቀ ረሃብ አገኘሁ ብዬ ለአስተባባሪው ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ልወጣ ስል ጋሽ ዘለቀ እናታቸው ቤት ምሳ ይዘውኝ ሄዱ።

የጋሽ ዘለቀ እናት እማማ ጥሩ ይባላሉ። አገው ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር በአገውኛ ያወራሉ፣ ለእኔ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ምሳ የቀረበው በዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለ ዐሥራ ሁለቱ ቤቶች ሳወራላቸው አሮጊቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ልጄ፣ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ያልዋለ ማን አለ? ጡት የጣለው ሁሉ ይጾማል። በጾም ጊዜ ሀብታሙም ድሀውም አንድ ነው። ረሃብን የምትፈልጊ ከሆነ ጾሙ ሲፈታ ፈልጊው» አሉኝ።

የእኛ ሰፈር ሙስሊም ጎረቤቶች በረመዳን ቀን ሳይበሉ ሲውሉ እያየሁ ነው ያደግሁት። ይህን እንዴት እንደሳትኩት አላውቅም። ዐሥራ ሁለቱንም ወረቀት ቀደድኩና እማማ ጥሩ ያቀረቡልኝን የተልባ ወጥ በእልህ ጨረስኩ።

ነሐሴ ዐሥራ ሦስት ወደ ደጋው፣ ወደ ቋሪት ወረዳ ወጣን። ከፍታው ሲጨምር መንገዱ እየባሰ ሄደ። ከአንድ መንደር አጠገብ ስንደርስ ተኩስ ተከፈተ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሳላስበው ከመቀመጫዬ ወርጄ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። አንገቴን ስደፋ የታጠቁ ቡድኖች የሚለውን የመጠይቁን ክፍል ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። ጋሽ ዘለቀ መኪናውን አቁመው ጠበቁኝ። «ቡሄ ነው፤ ጅራፍ ነው የሚያጮኹት» አሉኝ። ቀና ስል መስኩ ላይ ጎረምሶች ጅራፍ ሲገምዱና ሲያጮኹ አየሁ። የዚያን ዕለት ደግመው አላነሱብኝም፤ ከዚያ በኋላ ግን በር በተገጨ ቁጥር «ዝቅ በይ» ይሉኝ ጀመር።

ከገበዝ ማርያም በፊት መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ገባ። የጠራነው ሰው የለም፤ ሰዎች ግን ከየአቅጣጫው መጡ። ከንጋት ጀምሮ እህል ያልቀመሱ ገበሬዎች ናቸው። ድንጋይ አነጠፉ፣ ቅርንጫፍ ቆረጡ፣ ገፉ። እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተንቆራጠጥኩ ምክር እሰጣለሁ። አንዱ ሽማግሌ በትሕትና «እመቤት፣ እርስዎ ከዚያ ድንጋይ ላይ ቢያርፉልን መኪናውም ያርፍ ነበር» አሉኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ፤ መኪናውም ወጣ። ገበዝ ማርያም ያደርንበት አልጋ ቤት ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ባለቤቲቱ በእግሬ በኩል ሳፋ አስቀመጠችልኝ፤ ከሳፋው ጋር የቡሄ ሙልሙል ሰጠችኝ። ድሬ ቢሆን እንግዳ የሚሰጠው በረዶ ውሃ ነው።

በማግስቱ ወደተመደበልን ቀበሌ ሄድን፤ መኪናውን ከተማ ትተን ሁለት ሰዓት በእግር። የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ሞላ የሚባሉ አርባ ዓመት ገደማ የሆናቸው ቀጭን ሰው ናቸው። የጋሽ ዘለቀን መድኃኒት ረስቼ «አንተ ነህ ሊቀመንበሩ?» አልኳቸው። ፊታቸው ተዘጋ። ነገሩ ገና ከበሩ ተበላሸ። የሞዴል ገበሬዎችን ዝርዝር አዘጋጅተው ጠበቁኝ፤ እኔ ደግሞ ቤቶቹ በዕጣ ነው የሚወጡት አልኩ። ተከራከርን። በመጨረሻ ጋሽ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው የቤቶቹን ቁጥር ከተቱበትና ዕጣው ወጣ። ሦስተኛው ዕጣ ሲነበብ አቶ ሞላ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ደግመው አነበቡት።

ወደ ጎን ወስደው የነገሩኝ ይህ ነው። ዕጣው የደረሳቸው ወይዘሮ ይታይሽ ባላቸውን የቀበሩ ናቸው። ባልየው እንዳላማው የሚባሉ፣ በአካባቢው ስማቸው የሚነሳ ሰው ነበሩ። ይበልጣል የሚባለው አንድ ልጃቸው ግንቦት ላይ በጠዋት የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ ተሸክሞ ሲሄድ ሰው አይቶታል፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ጫካ ገብቷል ይባላል። ወረዳው ደግሞ ጫካ የገቡትን ስም ላኩ ብሏል። አቶ ሞላ እርግጡን ሳላውቅ አልጽፍም ብለው እስካሁን አቆይተውታል፤ አሁን ግን የእኔ ወረቀት እርግጡን የሚነግር ከሆነ ግልባጩን እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። ስሙ ከተላለፈ ምን ይሆናል አልኳቸው።

«ለመስቀል መምጣቱ አይቀርም፤ ሁሉም ለመስቀል ይመጣል» አሉኝ። «የታጠቀ ነው ከተባለ፣ መንገድ ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ሁለት ጊዜ አይጠሩትም።»

የእማማ ይታይሽ ቤት ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ጋሽ ዘለቀ ከደጅ «ቤቶች!» አሉ፤ ከውስጥ «ቤት ለእንግዳ!» የሚል ጠንካራ ድምፅ መጣ። ሃምሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ቀጥ ብለው የሚቆሙ፣ ነጠላቸው የተጣፈ ግን የጸዳ ሴት ናቸው። መጠይቁን ጀመርኩ፤ ከቡሬው ትምህርት በኋላ ዘጠነኛውን ሙሉ በሙሉ አነበብኩት። ምግብ በማጣት ሳይበላ የዋለ አለ? «የለም» አሉ፤ «እንጾማለን እንጂ አጥተን አናውቅም።» ሠላሳ አንደኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ራሱ ዝቅ አለ። እሳቸው ግን ቀና አሉ። «አለ» አሉኝ። «ልጄ ጫካ ነው። ወንድ ነው፤ የአባቱን መሣሪያ ይዞ ሄደ።»

ኩራት ነበረበት። እጄ ጻፈ፤ ብዕሩ ሲጽፍ አየሁት። የጠገበ ቤት ሽፍታ አወጣ። አስተባባሪያችን ደስ የሚለው መልስ ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ያምራል። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቶሎ ለመውጣት ስነሳ ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ብዬ የምጠራው ሌላ ስም ስለሌለኝ ነው። የእኛ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፤ የእነሱ ጅረት በሰዓት ውስጥ ድልድይ የሌለው ወንዝ ሆነ። መሻገር እንደማይቻል ጋሽ ዘለቀ አይተው ተመለሱ። እዚያው አደርን። እንጀራ በሽሮና ቅቅል ድንች ቀረበልን፤ እማማ ይታይሽ እስኪመሽ ድረስ እጾማለሁ ብለው አብረውን አልበሉም።

ዐሥራ አምስትም ዘነበ። ቀኑን ሙሉ ከመደብ ወደ በር፣ ከበር ወደ መደብ ስመላለስ ዋልኩ። አቶ ሞላ ወንዙ ማዶ ወረቀቱን ይጠብቃሉ። ብሰጣቸው ልጁ ምን ይሆናል? ባልሰጣቸው ግልባጩ ከአዲስ አበባ ዞሮ አይመጣም ወይ? የጻፍኩት በብዕር ነው፤ ቅጹ ቁጥር አለው፤ የተሰረዘ መልስ አይፈቀድም። እማማ ይታይሽ እኔን ለማስቀመጥ ጥጥ ሰጡኝና ፈትዪ አሉኝ። ፈትል አላውቅም። ያበላሸሁትን ጥጥ በትዕግሥት እየፈቱ «አገርሽ ምን ይሠራል ሴቱ?» ብለው ጠየቁኝ። ይነግዳል አልኳቸው። አዘኑልኝ።

እንዲህ ስንቆራጠጥ እግሬ ጥጥ የያዘውን ሙዳይ መታና ወደ ጎን ተንገዳገድኩ፤ ለመደገፍ ጥግ ላይ የቆመውን ትልቁን ጎታ ያዝኩ። እህል የሚቀመጥበት በጭቃ የተለሰነ፣ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ጎታ ነው። እኔ በላዩ ላይ ስደገፍ ጎታው አብሮኝ ተንቀሳቀሰ። የሞላ ጎታ ሁለት ወንድ አይነቀንቀውም። ቀና ስል እማማ ይታይሽ እያዩኝ ነበር። እኔ ጥጡን መልቀም ጀመርኩ፤ እሳቸው ወደ ውጪ ወጡ።

ጋሽ ዘለቀን ከደጅ ከእርጥቡ አጥር ሥር አገኘኋቸውና ስለ ጎታው ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ዞር አድርገው መለሱልኝ፤ ከምሰሶው ላይ የተሰቀለውን አይተሻል ወይ አሉኝ። ተመልሼ ገብቼ አየሁ። ምሰሶው ላይ ሁለት ችካል አለ። አንደኛው ባዶ ነው፤ ከሥሩ ያለው ግድግዳ ጠመንጃው ለዓመታት ስለተደገፈበት ጠቁሯል። ሌላው ላይ ከቆዳ የተሠራ፣ በጥይት የተሞላ ዝናር ተሰቅሏል። ወጣሁና አየሁት አልኳቸው።

«ጫካ የሚገባ ሰው» አሉ ጋሽ ዘለቀ ወደ ገደሉ እያዩ፣ «ሚስቱን ይረሳል፣ ማተቡን ይረሳል። ዝናሩን ግን አይረሳም።»

ገባኝ። ያ ልጅ የትም ጫካ አልገባም። ጠመንጃውን ይዞ የወጣው ሊሸጠው ነው። በዚህ አገር ደግሞ፣ ጋሽ ዘለቀ እንዳስረዱኝ፣ በሬ ይሸጣል፣ መሬት ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ የአባት ጠመንጃ ሸጦ የበላ ቤት ግን ለልጅ ልጅ ይሰደባል። ሸፈተ መባል ስም ነው። ሸጦ በላ መባል ስም መጥፋት ነው። እናትየው ልጃቸው ወንበዴ ነው መባሉን መረጡ።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጾሙ ተፈታ። ዝናቡ አባርቶ መንደሩ ሁሉ ጭስ በጭስ ሆነ። ከቅዳሴ መልስ አንዲት ጎረቤት ለእንግዶቹ ብላ በሳህን ዶሮ ወጥ አመጣች። እማማ ይታይሽ ለእኔና ለጋሽ ዘለቀ አቀረቡ፣ እጃችንን አስታጠቡን፣ ከዚያ ራቅ ብለው ተቀመጡ። ይብሉ እንጂ አልኳቸው። «እኔ ስእለት አለብኝ» አሉ፤ «ልጄ እስኪመለስ ፍስክ አልቀምስም፤ እህልም በቀን አንዴ ብቻ ነው።» የእማማ ጥሩ ቃል ትዝ አለኝ። ጾሙ ሲፈታ ፈልጊው ብለውኝ ነበር፤ እነሆ ከፊቴ ተቀምጧል። ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት።

አላስቻለኝም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ሠላሳ አንደኛውን ከነመልሳቸው አነበብኩላቸውና ይህ ወረቀት እኔ ዘንድ እንደማይቀር፣ እነማን እንደሚያነቡት፣ አቶ ሞላ ስለ መስቀል የነገሩኝን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኳቸው። እሳቸው የነጠላቸውን ጠርዝ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት።

በዚህ መካከል አቶ ሞላ መጡ። እንኳን ለጾም ፍቺው አደረሳችሁ ብለው ተቀመጡ፤ ጠላ ተቀዳላቸው፤ የአየሩን ነገር አወሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስለ ወረቀቱ ጠየቁኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት እማማ ይታይሽ ተነሱ። ከምሰሶው ዝናሩን አውርደው አምጥተው አቶ ሞላ ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ሞላ፣ ይህን ሳይታጠቅ ጫካ የገባ ወንድ አይተህ ታውቃለህ?»

አቶ ሞላ ዝናሩን ዳበሱት። ሰውየው ሞኝ አይደሉም፤ ከእኔ ፈጥነው እንደገባቸው ከፊታቸው አየሁ። አንገታቸውን ደፍተው «እትዬ ይታይሽ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። ጨዋነት ነበር። የእንዳላማው ቤት እንዳይዋረድ ጆሯቸውን ሊደፍኑላቸው ፈለጉ። ባይሰሙ ግን ልጁ ሽፍታ ሆኖ ሊቀር ነው።

«ስማ!» አሉ እማማ ይታይሽ። «አምና በረዶው ገብሱን አጨደው። በሬው ሞተ። የዘር ድንቹን በላን። የእንዳላማውን ምንሽር ልጄ ፈረስ ቤት ገበያ ወስዶ ሸጠው፤ እህሉን በአህያ ልኮልኝ ከዚያው መተማ ወረደ። የሰው ሰሊጥ እያረመ ነው። ጠመንጃውን በላነው፤ እኔ ነኝ ሽጠው ያልኩት። አሁን ሄደህ ለፈለግኸው ንገር።»

ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው ቆመው ነበር፤ ሰው ሲቀበር እንደሚቆመው። አቶ ሞላ ዝናሩን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ቦታው መልሰው ሰቀሉት። «መተማ ብዬ እጽፋለሁ። ለጉልበት ሥራ» አሉ። ሲወጡ ለእማማ ይታይሽ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እኔ ለዚህ ሰው «አንተ» ማለቴን አስታውሼ ተከትዬ ወጣሁና «አቶ ሞላ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ተመልሼ ብዕሬን አነሳሁ። ሠላሳ አንደኛውን ሰረዝኩት። እማማ ይታይሽ ከላዬ ቆመው እያዩ «ዘጠነኛውንም ሰርዢው እንግዲህ» አሉኝ። ሰርዤ አዎ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አሁን ምሥጢሩ ስለወጣ ስእለቱ ይቅርና ከዶሮው ይቅመሱ ብዬ ለመንኳቸው፤ ስእለቱ ለሽፋን እንደነበር ሁላችንም አውቀናል።

«ለሽፋን ነበር» አሉኝ። «ግን በመቤታችን ስም ከአፌ አወጣሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን እውነት ሆኗል።»

የቀረውን ሥጋ ለጎረቤት ሕፃናት ሰጡት። ለእኛ ለመንገድ ድንች ቀቅለው ቋጠሩልን። አልቀበልም ብል እንደማይሆን ስለገባኝ ተቀበልኩ፤ ያንን ድንች የበላሁት እያለቀስኩ ነው።

ዐሥራ ሰባት ከገበዝ ማርያም ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድን። ሆቴሉ ውስጥ ያችው አስተናጋጅ ሳልጠይቃት ሻይ በወተት አመጣችልኝ። ጾሙ ተፈትቷል አለችኝ እየሳቀች። ጠጣሁት፤ የወተቱን ጣዕም ግን አላስታውሰውም። ማታውን ተነሥተን እንሂድ ብዬ ጋሽ ዘለቀን ብጨቀጭቃቸውም እምቢ አሉ።

አዲስ አበባ አስተባባሪው ቅጾቹን ሲያገላብጥ የእማማ ይታይሽ ላይ ቆመ። ሁለት የተሰረዘ መልስ ያለው ቅጽ አይገባም አለ፤ እርስ በርሱ ይጋጫል። ተከራከርኩት፤ የጥናታችሁ መልስ ያለው እዚህ ወረቀት ላይ ነው፣ የተራበው ልጅ ጠመንጃ አላነሳም፣ ጠመንጃውን አውርዶ ሸጦ ማጭድ ነው ያነሳው አልኩት። ማስታወሻ ያዘ፤ ቅጹን ግን ወደ ጎን አደረገው። በሪፖርቱ ውስጥ ያ ቤት የለም። እኔ ግን ወረቀቱን መልሱልኝ ብዬ ወሰድኩት፤ ይህን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ የዶሮ ወጥ ቅባት ጠርዙን ነክቶታል።

ድሬ ከተመለስኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሙቀቱ ነው እላለሁ ለሰው። እውነቱ ግን ቀን እየቆጠርኩ ነበር። አቶ ሞላ እንዳሉት ጽፈው ይሆን? መተማስ ወባው እንዴት ነው? ልጁስ ተርፎ ይሆን? ጋሽ ዘለቀ ለመስቀል አገራቸው እንደሚገቡ ስለነገሩኝ ስልካቸውን ስጠብቅ ምግብ እንኳ ቆሜ ነበር የምበላው።

የመስቀል ማግስት ደወሉ፤ ከኮረብታ ላይ ስለነበሩ ነፋሱ ድምፃቸውን ይወስደዋል። እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ፣ ቀጥሎ ስለ እናታቸው ጤና ነገሩኝ። ጋሽ ዘለቀ፣ በእናትዎ የልጁን ነገር ይንገሩኝ አልኳቸው። ቋሪት ድረስ ወጥተው እንደነበርና ልጁ ለደመራ ዋዜማ መግባቱን ነገሩኝ፤ ከስቶ፣ ዐይኑ በወባ ቢጫ ሆኖ፣ አንድ ቁና ሰሊጥ በጀርባው አዝሎ። መንገድ ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ከጎረምሶቹ መካከል በአባቱ ጠመንጃ የሰደበው አለ፤ ልጁ መልስ ሳይሰጥ ወደ ቤቱ ገባ።

«እናትየውስ?» አልኩ።

«ላንቺ መልእክት አላት» አሉኝ። «ከወንዙ ማዶ ድረስ መጥታ ነው የነገረችኝ። ‹ለዚያች መቀመጥ ለማትችል ልጅ ይንገሩልኝ፤ በላሁ ይበሏት› አለች።»

ተቀመጥኩ።